አልጠፋ ያለው አፕ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለችው የጥገና ሱቄ ይህን ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። «አቦ፣ ስልኬ ሞላ፤ ይሄን አፕ አጥፋልኝ። አንኢንስቶል የሚል አጣሁ፣ ያለው ዲሴብል ብቻ ነው።» ትናንት እዚሁ ከታይዋን ገበያ የተገዛ ስልክ እንኳ አንድ ፎቶ ሳይነሳበት ባለቤቱ ባልጠየቃቸው አፖች ታጭቆ ይመጣል።

ምክንያት፦ የስልክ ማከማቻ ከውጭ አንድ ጎተራ ይምሰል እንጂ ውስጡ ተከፋፍሏል። አምራቹ የጫናቸው አብዛኞቹ አፖች የተቀመጡት በሲስተሙ ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ዲሴብል ስትሉ አፑ ሥራ ያቆማል፣ ከስክሪኑም ይጠፋል፤ የፋብሪካው ቅጂ ግን ካለበት አይነቃነቅም። የምታስለቅቁት በኋላ የወረደውን አፕዴትና የተጠራቀመውን ዳታ ነው። እሱም ቢሆን የሚናቅ ቦታ አይደለም።

መፍትሄ፦ ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕስ ግቡና አፑን ምረጡ። ስቶሬጅ ውስጥ ክሊር ዳታ በሉ፤ በፊት ግን የምትፈልጉት ፎቶ ወይም መልእክት እዚያ እንደሌለ አረጋግጡ። ቀጥሎ ከላይ በሦስቱ ነጥቦች አንኢንስቶል አፕዴትስ፣ በመጨረሻ ዲሴብል።

አደራ፣ ስሙን የማታውቁትን ሁሉ አትዝጉ። አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው የሚባለው ምንም የሚሠራ አይመስልም፤ ነገር ግን ሌሎች አፖች ድረ ገጽ በውስጣቸው የሚከፍቱት በእሱ ነው። በመጋቢት 2013 በእኛ አቆጣጠር የተበላሸ አፕዴቱ በዓለም ዙሪያ ብዙ አፖችን ሲከፈቱ ወዲያው እንዲዘጉ አድርጓቸው ነበር። አፖቻችሁ እንዲህ ከሆኑ መጀመሪያ እሱ ዲሴብል እንዳልሆነ እዩ፣ ከዚያ እሱንና ክሮምን ከፕሌይ ስቶር አድሱ።

ሌላ ምልክት፦ ዘመድ ከአውሮፓ የላከው ላፕቶፕ ቪዲዮ አልከፍትም፣ ካሜራም አላሠራም ይላል።

ምክንያት፦ ማይክሮሶፍት በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ሲከሰስ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለው የድረ ገጽ መክፈቻው የዊንዶውስ አካል ነው፣ አይነጠልም ብሎ ተከራክሯል። በ2004 ግን የአውሮፓ ኮሚሽን የቪዲዮና የሙዚቃ ማጫወቻው ሚዲያ ፕሌየር የሌለበት ዊንዶውስም እንዲያቀርብ አዘዘው፤ ስሙ ላይ «ኤን» ያለበት ዊንዶውስ የመጣው ከዚያ ነው። ቢያንስ ሚዲያ ፕሌየርን መነጠል እንደሚቻል በዚህ ታየ። ችግሩ ሌሎች ፕሮግራሞች በተነጠለው ላይ ተደግፈው መሠራታቸው ነው።

መፍትሄ፦ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ኤዲሽኑን፣ ማለትም የዊንዶውሱን ዓይነት እዩ። «ኤን» ካለበት፣ በዊንዶውስ 10 አፕስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ግቡ፣ አድ ኤ ፊቸር ብላችሁ የተነጠለውን የሚመልሰውን ሚዲያ ፊቸር ፓክን ጫኑ። ሪስታርት ሳታደርጉ አትሞክሩት።