ፌስታልን በካውያ አያይዞ ለቦርሳ የሚሆን ጨርቅ ማውጣት

ኮዬ ፈጬና ቂሊንጦ አካባቢ ነፋስ አጥር ላይ የሰቀለውን ፌስታል ሁሉ መልቀም አያስፈልግም። ፀሐይ ሲያገኘው የከረመ ፌስታል ሲጨብጡት ይፈረፈራል፤ በዚያ ላይ ካውያ ምንም አይፈይድም። በየቤቱ ተጠቅጥቆ የተቀመጠው ይሻላል።

ከሥራው ግማሹ መለየት ነው። ፌስታሉን ጆሮ አጠገብ ጨምድዱት። የሚንኮሻኮሸው በ130 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ለስለስ ያለውና ብዙም ድምፅ የሌለው በ110 አካባቢ። እንዲሁ ከተደባለቁ አንዱ እስኪያያዝ ሌላው ይበሳል። ለስላሳው መሀል ከገባ ግን ጥሩ ነው፣ ቀድሞ ቀልጦ ላይና ታቹን ያጣብቃል። ምንነቱን ያላወቃችሁትን ፕላስቲክ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ድፈቁትና ልቀቁት፤ የፌስታል ዘር ከሆነ ይንሳፈፋል። የሚሰምጠው ፒቪሲ ሊሆን ስለሚችል ካውያ አይንካው፣ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

በፈሳሽ ሳሙና እጠቡና ገልብጣችሁ ገመድ ላይ አስጡ። እርጥበት ከቀረ እንፋሎቱ መሀል ላይ አረፋ ይሠራል።

ማንጠልጠያውንና የታችኛውን ስፌት ስትቆርጡ አንዱ ፌስታል ሁለት ንብርብር ይሆናል። ለአንድ ጎን 4 ፌስታል፣ ማለትም 8 ንብርብር ደርድሩ። ብዙ ሊመስል ይችላል፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ወሰን ባደረገው በ0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብናሰላው ግን 8ቱ ተደራርበው ሩብ ሚሊ ሜትር አይሞሉም። ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ ውስጥ ይግባ፤ ቀለሙ ሲሞቅ ይለቃል። ሲተኮስ ስለሚሰበሰብም በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ።

ከሥር ወፍራም ጨርቅ ዘርጉ፣ ፌስታሉን ከላይም ከታችም በኬክ መጋገሪያ ወረቀት ሸፍኑ። ጋዜጣ ቀለሙን ያትምበታል። ካውያው በአንድና በሁለት ነጥብ መካከል ይሁን፣ እንፋሎቱ ይዘጋ። ከመሀል ወደ ዳር እየገፋችሁ እያንዳንዱን ቦታ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተኩሱ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አታቁሙት። ገልብጡና ድገሙት። በረንዳ ላይ ቢሠራ ይመረጣል። ሽታው ከበረታ ወይም ጭስ ከታየ ሙቀቱ አልፏል፣ ቀንሱት። የከሰል ካውያ አንመክርም፤ ሙቀቱን መምታት አይቻልም።

ወረቀቱን ቶሎ አትግለጡ። ትኩሱ ፕላስቲክ ይጠቀለላል፤ ሰፊ ሴራሚክ ጭናችሁበት እስኪበርድ ጠብቁ። ከዚያ ጠርዙን በጥፍር ሞክሩት። ከተላጠ ሙቀቱ አንሶታል፣ መልሳችሁ ተኩሱት። ቀዳዳ ካበጀ ከሌላ ፌስታል ቁራጭ ደርቡበት። መብራት ሲዳከም ካውያው ሳይታወቅ ይበርዳልና ንብርብሩ መሀል ላይ ሳይያያዝ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው።

ስፌቱ ላይ ብዙ ሰው ያበላሻል። መርፌ የበሳው ቀዳዳ አይገጥምም፤ ነጥቡ ከተቀራረበ ጨርቁ በዚያው መስመር እንደ ቴምብር ይቀደዳል። የመኪናውን ስፌት ወደ 4 ሚሊ ሜትር አስረዝሙ፣ በስፒል ፋንታ የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ተጠቀሙ። ማንገቻው ሦስት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋ፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው።

የሰማያዊና የቢጫ ፌስታል ቁርጥራጭ አትጣሉ። በቀጭኑ ተሸንሽኖ ነጩ ላይ ከተደረደረና ከላዩ አንድ ብርሃን አሳላፊ ንብርብር ከለበሰ ጥለት ያወጣል።