አረንጓዴውን ቆዳ አትንኩት፦ የጀርመን የጉምሩክ ጩቤ ሰብሳቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት በፎጣ የተጠቀለለ ጩቤ ይዞልኝ ቤቴ መጣ። ፎጣውን ሲገልጠው ከጩቤው በፊት የጫማ ቀለም ሽታ ደረሰኝ። የጀርመን የየብስ ጉምሩክ ሹም በክብር ልብስ ላይ የሚያንጠለጥለው ጩቤ ነው፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖረ፣ ስለቱ ምንም ያልሆነ፣ የሠሪው ማህተም ጥርት ብሎ የሚታይ። አረንጓዴ መሆን የነበረበት ሰገባ ግን ጠቁሯል። «ደርቆ ሳየው አሳዘነኝና አለሰለስኩት» አለኝ። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ እኔም በዚህ ሥራ የመጀመሪያ ዓመቴ ይህንኑ አድርጌያለሁ። ይህን የምጽፈው ግን እንዲህ ያለ ሰገባ ሳይ የመጀመሪያዬ ስላልሆነ ነው።

እነዚህ ጩቤዎች የተሠሩት በናዚ ዘመን፣ በ1930ዎቹ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሁለተኛ አጋማሽና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ዓመታት ሲሆን አብዛኞቹ የሶሊንገን ከተማ ሥራ ናቸው። ሁለት ዓይነት አሉ። የየብስ ጉምሩክ ሹማምንት ጩቤ እጀታውና ሰገባው አረንጓዴ ቆዳ ለብሶ የብረት ጌጡ ብርማ ነው። በወደብና በወንዝ ላይ ያገለገሉት የውኃ ጉምሩክ ሹማምንት ጩቤ ደግሞ ሰማያዊ ቆዳና የወርቅ ቅብ ጌጥ አለው። ከምድር ጦሩ መኮንኖች ጩቤ የሚለያቸው ይኸው ቆዳ ነው፤ የጦሩ ሰገባ ራቁቱን ብረት ነው፣ እጀታውም ቆዳ የለበሰ አይደለም። ሰው ይህን ዕቃ የሚፈልገው በቆዳው ነው ማለት ነው። ታዲያ ጀማሪው ገዝቶ ቤቱ እንደገባ መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህንኑ ቆዳ ነው!

የሰገባው ቆዳ ስስ ነው፤ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ ተወጥሮ የተለጠፈ እንጂ እንደ ጫማ ቆዳ የሚተጣጠፍ ነገር አይደለም። ስለማይተጣጠፍ ማለስለስ አያስፈልገውም። ዘይት ሲቀባ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቀለሙን ያጠቁራል፣ ከሥር ያለውን ማጣበቂያ ያላላል፤ ከዚያ በኋላ ቆዳው ከብረቱ ተነሥቶ እንደ ፊኛ ይነፋል። የገባ ዘይት ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። የጫማ ቀለም የቆዳውን ቀዳዳና መስመር ይደፍንና ዕቃው እውነተኛ ይሁን አይሁን የሚታወቅበትን ምልክት ሁሉ ይሸፍናል። «ለጥንት ቆዳ ተብሎ የተዘጋጀ ነው» ተብሎ የሚሸጠውም ቅባት ያው ቅባት ነው። የወይራ ዘይት፣ ቫዝሊን፣ የሕፃን ቅባት፣ በአንድ ቤት ደግሞ ቅቤ የተቀባ ሰገባ አይቻለሁ። ቅቤ! የቀባው ሰው የአያቱን ጋሻ በቅቤ ሲያሹት ያየ፣ በፍቅር ያደረገው ሰው ነው። ጋሻው ወፍራም የጎሽ ቆዳ ነበር፤ ይኼኛው ቀለም የተነከረ ስስ ልባስ ነው።

ብረቱም ከዚህ አያመልጥም። የናስ መወልወያ በብርማውና በወርቅ ቅቡ ላይ ሲታሽ የሚወጣው ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ ቅቡ አብሮ ይሄዳል፣ ቀሪው መወልወያም በእጀታውና በስለቱ መካከል ባለው መስቀለኛ ጠባቂ ላይ በተቀረጸው ንስር ላባ መካከል ገብቶ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ስለቱ አብዛኛውን ጊዜ የኒኬል ቅብ ስላለው በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የነካው ሰው የፈጠረውን ጭረት እስከ ዘላለም ያየዋል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና የጥጥ ጓንት ይበቃሉ። በስለቱ ላይ ብቻ፣ የሙዚየም ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን ማይክሮክሪስታላይን ሰም በጣም ስስ አድርጎ ማሳረፍ ይቻላል። ክፍሉ ደረቅም እርጥብም ያልበዛበት፣ ከመስኮት የራቀ ይሁን፤ ፀሐይ አረንጓዴውን ወደ ቡናማ ትለውጠዋለች።

ጉልላቱን፣ ማለትም የእጀታውን ጫፍ፣ ፈትታችሁ ውስጡን ለማየት አትቸኩሉ። ጉልላቱ በስለቱ ጅራት ላይ በጥርስ የሚጠብቅ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የእጀታው እንጨት ደርቆ ተሰብስቧል፣ ቆዳውም ከጉልላቱ ጠርዝ ጋር ተጣብቋል። በፒንሳ ይዞ ያዞረ ሰው ቆዳውን ቀዶ፣ በእጀታው ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ አላልቶ፣ መልሶ ሲያጠብቅ መስቀለኛው ጠባቂ ይወላገድበታል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። ጉልላቱ በጣት ብቻ ከተፈታ ተፈታ፤ እምቢ ካለ ተዉት።

ሰማያዊውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የውኃ ጉምሩክ ጩቤ ከየብሱ እጅግ ያነሰ ቁጥር ስላለው ዋጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አረንጓዴውን ሰማያዊ ቀለም የሚነክሩና ብርማውን ጌጥ ወርቅ የሚቀቡ ሰዎች አሉ። በማጉያ መነጽር የጭረቶቹን ውስጥ ተመልከቱ፤ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ ብቅ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከብረት ጌጡ ጠርዝ ሥር ብርሃን ያልነካው ቆዳ አለ፤ በእውነተኛ ዕቃ ላይ እዚያ ያለው ቀለም ከውጭው የደመቀ ነው። ውጩም ጠርዙም አንድ ዓይነት ድምቀት ካለው ጠርጥሩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሌላው ፈተና የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የመጡ ሰው ሠራሽ ክሮችና ብዙ ዘመናዊ ማጣበቂያዎች በዚህ መብራት ሥር ነጭ ሰማያዊ ሆነው ያበራሉ። በእጀታው ላይ የሚታሰረውን የክብር ገመድና የሰገባውን የጀርባ መጋጠሚያ በጨለማ ክፍል አብሩበት። የሚያበራ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ገመድም ያበራል።

ሶሊንገን የሚለውን ቃል እንደ ማረጋገጫ መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በአገራችን ጎራዴ በኩል ነው። አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ከተቀረጸባቸው የቀድሞ ዘመን ጎራዴዎቻችን ብዙዎቹ ስለታቸው ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ከሶሊንገን የመጡም አሉባቸው። ከተማዋ ለዘመናት ለዓለም ሁሉ ስትሠራ ኖራለች። በ1938 ስሟ በሕግ ከመጠበቁ በፊትም በኋላም ብዙ ሺህ ዓይነት ስለት ላይ ተጽፏል፤ የዛሬ የወጥ ቤት ቢላዋ ላይም አለ። የታወቁትን የሶሊንገን ሠሪዎች የካርል አይክሆርንን ሽኮኮ ወይም የደብልዩ ካ ሴን (WKC) ባላባት ራስ ማህተም ማየት ደስ ይላል፤ ግን ማህተም የሚመሰክረው ስለ ስለቱ ብቻ ነው። ከ1945 በኋላ በሶሊንገን ወርክሾፖች የተረፉ ክፍሎችን ነጋዴዎች ገዝተው እየገጣጠሙ ሸጠዋል። ስለቱ የዘመኑ፣ ቆዳው የትናንት ሊሆን ይችላል። ዓይን ለማሠልጠን በሶሊንገን ግሬፍራት የሚገኘውን የጀርመን የስለት ሙዚየም አንድ ቀን ሙሉ መዞር ከብዙ ወር የፎቶግራፍ ጥናት ይበልጣል።

ታሪክ አትግዙ። «አያቴ ራሳቸው ይዘውት የነበረ» የሚለው ቃል ከግዢ ደረሰኝ፣ ከፎቶግራፍ ወይም ከመታወቂያ ጋር ካልመጣ ዋጋ አይጨመርበትም።

ሕጉን ቀድማችሁ እወቁ። ንስሩ ስዋስቲካ ይዟል፤ በጀርመን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 86ሀ ይህን ምልክት በአደባባይ ማሳየት ያስቀጣል። ለምርምር፣ ለትምህርትና ለታሪክ ሥራ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ነጋዴዎች በፎቶግራፍ ላይ ምልክቱን የሚሸፍኑት ግን በከንቱ አይደለም። ጩቤውን ይዞ በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰውም በእጅ ሻንጣ ሊያስገባው አይችልም፤ የሚገባበትን አገር ሕግ ከመነሳቱ በፊት ይጠይቅ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰብሳቢዎች ሊሰሙት የማይወዱትን ልናገር። «ጉምሩክ ነው፣ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው፣ ከጦሩ ጋር ምን አገናኘው» እያሉ ጩቤውን ንጹሕ የቢሮ ጌጥ የሚያደርጉ አሉ። ስህተት ነው። ከጀርመን የሚሸሹ አይሁዳውያን ገንዘብና ጌጥ እንዳያወጡ ሻንጣቸውን በድንበር ላይ የበረበሩት የጉምሩክ ሰዎች ነበሩ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ስደተኛው በእጁ ይዞ እንዲወጣ የሚፈቀድለት ጥሬ ገንዘብ 10 ራይሽማርክ ብቻ ነበር። ጩቤው ደግሞ የዚያ መሥሪያ ቤት የክብር ልብስ አካል ነው። እኔ ለእንግዳ ባሳየሁት ቁጥር ይህንን አብሬ እናገራለሁ፤ በመደርደሪያዬ ላይም ጽፌዋለሁ። ይህን መናገር የሚከብደው ሰው የፖስታ ቴምብር ቢሰበስብ ይሻላል።

ስለቱን ከሰገባው ደጋግሞ ማውጣትና ማስገባት በቅቡ ላይ ቀጥ ያለ ጭረት ያስቀራል። ጎረቤት በመጣ ቁጥር አትምዘዙት።

በመጨረሻም፣ ከሰገባው የወደቀች የቆዳ ቅራፊ የጥፍር ስባሪ ብታህልም አትጣሏት፤ ከየት እንደወደቀችና ቀኑን ጽፋችሁ በትንሽ ፖስታ አስቀምጧት። ለዚያ ወጣት ያሳየሁት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያውን ጩቤዬን ዘይት ከመቀባቴ በፊት ከጫፉ የወደቀች አንዲት ቅራፊ በፖስታ ውስጥ አለችኝ። ብርሃን ላይ ሲያደርጋት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ሰገባ የተረፈው እውነተኛ አረንጓዴ እሷ ብቻ ናት።