አሲድ በሃይላንድ፦ ቤት ውስጥ ሙከራ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜና እሁድ የሰፈር ልጆች የሠሩትን ይዘው ይመጡብኛል። የተቃጠለ ሰርኪዩት፣ እምቢ ያለ ኤልኢዲ (ትንሿ መብራት)፣ ቀለሙ የተቀየረ ውሃ በብርጭቆ። ሲመጡ ደስ ይለኛል። ደብተር ላይ የገለበጠውን ነገር በእጁ ሠርቶ ለማየት የሚጓጓ ልጅ ሊበረታታ ይገባል። ግን ደጋግሜ አይቻቸው ትዕግሥቴን የጨረሱ ስህተቶች አሉ። እስካሁን ያየሁት አደጋ አብዛኛው ከሙከራው ከራሱ የመጣ አይደለም። እጃቸው ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ሳያረጋግጡ «ይሆናል» ብለው ከመቀጠል የመጣ ነው።

ኬሚካል ሃይላንድ ውስጥ ማስቀመጥ

ይሄ ከሁሉ ይቅደም። የመኪና ባትሪ አሲድ መልኩ ውሃ ነው። ሃይላንድ ውስጥ ከገባ በኋላ በዓይን ከውሃ የሚለየው ነገር የለም። ልጆቹ ታዲያ ባትሪ የሚሠራበት ቤት ሄደው «ትንሽ ስጠን» ይላሉ። ሰውዬውም በተገኘው የውሃ ኮዳ ይቀዳላቸዋል። ቤት ይወስዱና አልጋ ሥር፣ ሲብስ ደግሞ ማዕድ ቤት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ስቆጣቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «እኔ አውቀዋለሁ» ይላሉ።

አዎ፣ አንተ ታውቀዋለህ። ከትምህርት ቤት ውሃ ጠምቷት የመጣችው ታናሽ እህትህ ግን አታውቀውም። መብራት በሌለበት ሌሊት ተነሥተው ውሃ የሚፈልጉት አያትህም አያውቁትም። በረኪናም፣ ናፍጣም፣ ቀለም ማቅጠኛም እንደዚሁ ነው። በአንድ ጎረቤት ቤት ለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ የቱቦ መክፈቻ ኬሚካል ሕፃን ጠጥቶ ጉሮሮው ተቃጠለ። ልጁ ተርፏል፤ ነገር ግን ወላጆቹ ምን እንዳሳለፉ አይቻለሁ። ያ ሁሉ የመጣው ከጠርሙሱ ነው።

ስለዚህ ኬሚካል በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ። የግድ መገልበጥ ካለበት፣ ማንም ሰው የሚጠጣበት ወይም የሚበላበት ዕቃ አይሁን። በላዩ ላይ ስሙንና የተቀመጠበትን ቀን በማርከር ጻፉ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ በቀላሉ ሊጠፋ ይችላል። የሚቀመጥበት ሳጥን ቁልፍ ይኑረው። ሰው ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲወርድ ያቃጠለ ነገር ሲመለስም ያቃጥላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ በፍጥነት ሆስፒታል ሂዱ። ሐኪሙ ምን እንደተጠጣ ማወቅ አለበት።

ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለጀማሪ የባትሪ አሲድ ጭራሽ አያስፈልገውም። አቼቶና ሎሚ ለብዙ ወራት ሙከራ ይበቃሉ። ትልልቆቹ፣ አሲድ ማቅጠን ካለባችሁ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ አሲዱ ካፈሰሳችሁ በአንዴ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል።

ውሃ በሌለበት ቀን መጀመር

ቆዳ ላይ የፈሰሰ አሲድ ቢያንስ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ መታጠብ አለበት። ዓይንም እንደዚሁ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀልድ አይደለም። የሞላ ጀሪካን አጠገባችሁ ከሌለ በዚያ ቀን የኬሚካል ሙከራ አይሠራም።

በረኪናን መቀላቀል

በረኪናን ከምንም ጋር አትቀላቅሉ። ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ነው።

ውሃን በገበታ ጨው መከፋፈል

ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መለየት ሁሉም ልጅ የሚወደው ሙከራ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ቪዲዮዎቹ ላይ ነው። ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ የሆነ ነገር መጨመር አለበት። ቪዲዮው ጨው ይላል። ቤት ውስጥ ጨው አለ፣ ይጨመራል። አረፋው ይወጣል፣ ልጁ ይደሰታል።

ግን በፖዘቲቭ በኩል የሚወጣው በብዛት ኦክስጅን አይደለም፤ ክሎሪን ነው። «ሽታው እንደ በረኪና ነው» ብሎ የነገረኝ ልጅ ትክክል ነበር። የሚተነፍሰው ክሎሪን ነበር፤ ውሃው ውስጥም በረኪና ራሱ እየተሠራ ነበር። በሩም መስኮቱም ዝግ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት የማይዝግ ብረት ማንኪያን ኤሌክትሮድ (ኮረንቲ ወደ ውሃው የሚገባበትና የሚወጣበት ጫፍ) ማድረግ ነው። አይዝግም፣ ያብረቀርቃል፣ ስለዚህ ንጹህ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ክሮሚየም አለ። በፖዘቲቭ በኩል ሲሆን ይሟሟል፤ ውሃውም ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ ቀለም ካንሰር የሚያመጣው የክሮሚየም ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልጆቹ እሱን ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደፍተው ማንኪያውን ወደ መሳቢያው ይመልሱታል!

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። በጨው ፋንታ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። በማንኪያው ፋንታ ሁለቱም ጫፋቸው የተሳለ ሁለት እርሳሶች ተጠቀሙ፤ መሐሉ ግራፋይት ነው። ኃይሉን ከ9 ቮልት ባትሪ ውሰዱ፤ ከሶኬት አይሆንም። መስኮት ክፈቱ። አንድ የሚያሳስታችሁ ነገር አለ፦ መጽሐፉ ሃይድሮጅኑ የኦክስጅኑ እጥፍ ነው ይላል፤ እናንተ ግን ኦክስጅኑ ከግማሽም አንሶ ታገኙታላችሁ። አልተሳሳታችሁም። ከፊሉ ኦክስጅን ከግራፋይቱ ካርቦን ጋር ይዋሃዳል፣ ከፊሉም ውሃው ውስጥ ይሟሟል። እርሳሱ እየፈረሰ ውሃውን የሚያጠቁረውም ለዚህ ነው።

ቤኪንግ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳ አንድ አይደሉም፤ ፓውደሩ ውስጥ ደረቅ አሲድና ስታርች አለበት። ጋዝ የሚያወጣ ማንኛውንም ነገር ደግሞ ክዳን አትግጠሙበት። ፕላስቲክም ይሁን ጠርሙስ፣ ይፈነዳል።

መብራት ሄዷል ብሎ መፍታት

ይሄ ያስፈራኛል። መብራት ይሄዳል፣ ልጁ ሥራ ይፈታል፣ ካቻቢቴውን ያነሣና ስፒናው እንደተሰካ የዲቫይደሩን ወይም የስቶቩን ሽቦ ይፈታል። መብራት ደግሞ ሳይነግር ይመጣል። 220 ቮልት ነው። ኮረንቲ ሲይዝ ጡንቻ ስለሚኮማተር የያዙትን መልቀቅ ያቅታል።

መብራት ኖረም አልኖረም መጀመሪያ ስፒናው ይነቀል። ጀማሪ ከሶኬት ጋር የሚያገናኘው ምንም ሙከራ የለም። በባትሪ ወይም በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት መጀመር ይቻላል፤ አብዛኛው ትምህርት የሚገኘውም እዚያው ላይ ነው።

መንቀል ብቻውን የማይበቃበትም አለ። የቴሌቪዥን፣ የኮምፒውተር ወይም የቻርጀር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ) ወደ 310 ቮልት ይሞላል። ከተነቀለ በኋላም ይዞት ሊቆይ ይችላል። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሳትለኩ ቦርዱን አትንኩ። ከቆራሌው ላይ የገዛችሁት የድሮ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ከዚህም የከፋ ነው። ማይክሮዌቭ ኦቨን ደግሞ ጭራሽ አትክፈቱ። ውስጡ ከ2000 ቮልት በላይ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ፈትተው እንጨት ላይ የመብረቅ ቅርጽ ሊያወጡ ሲሞክሩ የሞቱ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም በሙያው ልምድ የነበራቸው ናቸው።

መልቲሜትሩን አምፒር ላይ ትቶ ቮልት መለካት

ቢጫዋን ርካሽ መልቲሜትር ሁላችንም እናውቃታለን። ቀዩ ሽቦ የሚሰካባት ሁለት ቀዳዳ አላት። አንዱ ለቮልትና ለኦም ነው፤ ሌላው እስከ 10 አምፒር ለመለካት። የ10 አምፒሩ ቀዳዳ ከውስጥ እንደ ቀጥታ ሽቦ ነው፤ አብዛኛዎቹ ርካሾች ላይ ፊውዝም የለውም። ትናንት አምፒር ለክታችሁ ሽቦውን እዚያው ከተዋችሁትና ዛሬ የመኪና ባትሪ ቮልት ልለካ ካላችሁ፣ የባትሪውን ሁለት ጫፍ አገናኛችሁት ማለት ነው። ጫፉ ይቀልጣል፣ ሽቦው ይጨሳል፣ እጅም ይቃጠላል።

አምፒር ለክታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁ ከመልቲሜትሩ ሳይለቅ ቀዩን ሽቦ ወደ ቮልት ቦታው መልሱ። «በኋላ» አትበሉ። እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች ይሄን ሳያደርጉ መልቲሜትር ካስቀመጡ ሥራውን አስቆማለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የመልቲሜትሩ የራሱ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም፣ ርካሾቹ ከእውነተኛው በላይ ቁጥር ያሳያሉ። አንድ ተማሪ አዲስ ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር። የተበላሸው ቻርጀሩ አልነበረም። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታውቁትን ነገር ለኩ፦ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከ1.5 እስከ 1.6 ቮልት ያሳያል። ካላሳየ መልቲሜትሩን ጠርጥሩ።

ከአሜሪካ የመጣውን ዕቃ እንደመጣ መሰካት

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ለልጁ የሙከራ ዕቃ ያመጣለታል፤ መበየጃ፣ ትንሽ ፓወር ሰፕላይ፣ የሙቅ ሙጫ ሽጉጥ። ጥሩ ስጦታ ነው። ግን እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። የስፒናውን ቅርጽ የሚያስተካክለው ትንሽ አስማሚ ቮልቱን አይቀንስም። ጀርባው ላይ «ኢንፑት 100-240» የሚል ከሌለ አትሰኩ። መበየጃ በእጥፍ ቮልት ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚሆን ወዲያው ይቃጠላል። ቪዲዮም እንዲሁ ነው፦ አሜሪካዊው የሠራውን የሶኬት ሰርኪዩት እንዳለ ቀድታችሁ እዚህ ልትሠሩት አትችሉም።

አጭር አጭሩን ደግሞ

ኤልኢዲን ያለ ሬዚስተር (ኮረንቲ የሚቀንስ ዕቃ) ከባትሪ ጋር ማገናኘት፦ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ነው የሚፈልገው፤ በ9 ቮልት ባትሪ 390 ወይም 470 ኦም ሬዚስተር አድርጉለት።

ያበጠ የስልክ ባትሪ መብሳት ወይም መጫን፦ እሳት ነው። ሊቲየም ባትሪ ከ4.2 ቮልት በላይ አይሞላም፤ ስለዚህ 5 ቮልት በቀጥታ አትስጡት፤ ለዚሁ የተሠራውን የቻርጅ ሞጁል ተጠቀሙ።

ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተርን ገልብጦ መበየድ፦ ነጭ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው። ከተገለበጠ ይፈነዳል።

የሎሚ ባትሪ አምፖል አላበራም ብሎ ማዘን፦ አያበራም። ዚንክ የተቀባ ሚስማርና መዳብ የተሰካበት አንድ ሎሚ ወደ 0.9 ቮልት ይሰጣል፤ ኮረንቲው ግን በጣም ትንሽ ነው። አራት አምስት ሎሚ በተከታታይ አያይዙና ቀይ ኤልኢዲ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሞክሩ። ሎሚውን ግን ወጥ ላይ እንዳትጨምቁት፤ ዚንክ ሟሙቶበታል።

በየዱበት እጅ እንጀራ መቁረስ

ብየዳ ላይ ሁሉም የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭሱ በአብዛኛው ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳው የብየዳ ፓስታ ነው፤ ሳንባ ስለሚያስቆጣ መስኮት ክፈቱ። በመበየጃው ሽቦ ውስጥ ያለው ሊድ (መርዛማ ብረት) ግን በዚያ ሙቀት ተንኖ አይወጣም። ሊድ ሰውነት ውስጥ የሚገባው በጣት ነው። እኛ ደግሞ በእጃችን ነው የምንበላው። ቀኑን ሙሉ የሊድ ሽቦ ሲይዝ የዋለ ልጅ «ና ብላ» ሲባል እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይቀርባል። በሳሙና ታጠቡ። ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አትበይዱ። ታናናሽ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ሊድ ለሕፃናት አእምሮ እድገት በጣም ጎጂ ነው።

የመጽሐፉን ቁጥር ከራስ ልኬት ማስበለጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ቴርሞሜትር ስትከቱ 92 ዲግሪ ገደማ ታያላችሁ። መጽሐፉ 100 ይላል። ብዙ ልጆች ደብተራቸው ላይ 100 ይጽፋሉ ወይም ቴርሞሜትሩን ይጥሉታል። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ያገኙት ትክክለኛ ግኝት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለን አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ድሬዳዋ ያለ ዘመድ ካላችሁ ያንኑ ሙከራ እንዲሠራ ጠይቁት፤ 96 ገደማ ያገኛል። ያያችሁትን ጻፉ። ምክንያቱን በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ፀሐይን በራጅ ፊልም ማየት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ባለፈበት ጊዜ ሰው በራጅ ፊልም፣ በፀሐይ መነጽር፣ በሲዲ ሲያይ ነበር። አንዳቸውም ዓይንን አይጠብቁም። ብርሃኑ ስለደበዘዘ ደኅና ይመስላል፤ የማይታየው ጨረር ግን ያልፋል። ሬቲና (ከዓይን ውስጥ በስተጀርባ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ደግሞ ሲቃጠል ሕመም አይሰማም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ ግርዶሽ አለ። ጅዳ ያላችሁ ወገኖች ሙሉ ግርዶሽ ታያላችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከፊል ብቻ ነው፤ ክረምት ስለሆነም ደመና ሊከለክለን ይችላል። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ካሁኑ ፈልጉ። ካላገኛችሁ ካርቶን በመርፌ ብሱና ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ምስሉን ነጭ ወረቀት ላይ ተመልከቱ፤ በቀዳዳው በኩል ፀሐይን አትዩ። ጅዳ ያሉት ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ መነጽሩን ማውለቅ ይችላሉ። እኛ ጋ ሙሉ ስለማይሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይወልቅም።