የነርሲንግ መምህራንን ድካም ለማቃለል ከሎድ ሠንጠረዡ መጀመር

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ በውስጥ ደዌ ዋርድ፣ አንድ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሊያስገባ የታካሚውን ክንድ ሲያስር፣ አጠገቡ የቆመው መምህር የተማሪውን እጅ፣ የታካሚውን ፊትና የአስታማሚውን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይከታተላል፤ መርፌው ደም ሥሩን ከሳተም ይቅርታ የሚጠይቀው እርሱ ነው። እንዲህ ያለው ጠዋት በሎድ (ለመምህሩ በሚቆጠርለት የማስተማር ሰዓት) ስሌት ብዙ ጊዜ ከሌክቸር ሰዓት ባነሰ ዋጋ ስለሚያዝ፣ የመምህራኑ ደኅንነት የሚያሳስበው የክፍለ ትምህርት ኃላፊ አስቀድሞ እውነተኛውን ሰዓት ይቁጠር።

ለዚህም እያንዳንዱ መምህር ለሁለት ሳምንት ወደ ሆስፒታል የሚመላለስበትን፣ ሎግ ቡክ (የተማሪው የተግባር ሥራ መመዝገቢያ ደብተር) የሚፈርምበትን፣ ለኦስኪ (በየጣቢያው እየተዞረ ለሚሰጥ የክህሎት) ፈተና የሚዘጋጅበትንና የተማሪ ጥናት የሚያርምበትን ጊዜ በማስታወሻ ይያዝ። ማስታወሻው ለሥራ አፈጻጸም ምዘና እንደማይውል ኃላፊው በግልጽ ካልተናገረ ግን የሚሞላው ቁጥር ሁሉ ያማረ ይሆናል። ውጤቱ በክፍሉ ስብሰባ ከታየ በኋላ፣ ጠዋት ዋርድ የዋለ ሰው በዚያው ቀን ከሰዓት ሌክቸር እንዳይደረብበት ፕሮግራሙ ይስተካከል፤ ከሆስፒታሉ ጋር በመነጋገርም ተማሪ የሚያግዙ ነርሶች የሥራ ድርሻቸው ተለይቶ በደብዳቤ ይመደቡ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ያስከተለው የማጠናከሪያ ትምህርትም እንደ ውለታ መታየቱ ቀርቶ ሎድ ውስጥ ይግባ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው፣ ከሥራ የሚመጣ መዛልን በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመነጭ ክስተት ሲል መድቦታል። መገለጫዎቹም የጉልበት መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሹና የውጤታማነት መቀነስ ናቸው። ስለዚህ ቀድሞ ታጋሽ የነበረ መምህር በተማሪ ጥያቄ መበሳጨት ሲጀምር፣ ኃላፊው ከመገሠጹ በፊት ያንን ማስታወሻ ቢመለከት ይሻላል።

ታካሚ በተማሪዎች ፊት ሲያርፍ ተማሪውን የሚያጽናናው መምህሩ ነው፤ እርሱን ግን «አንተስ?» የሚለው የለም። በዚያ ቀን ባልደረባው ቀሪውን ሰዓት ተክቶት፣ እርሱ ሻይ ቤት ወጥቶ እንዲቀመጥ ቢደረግ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

መርፌ መምህሩንም ይወጋል። ሦስቱ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች መሟላታቸው ለተማሪ ብቻ የሚጠየቅ መሆን የለበትም፤ የተወጋ ሰው ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውኃ አጥቦ፣ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገው ከ72 ሰዓት ሳያልፍ፣ በተቻለ መጠንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጀመር አለበት። መድኃኒቱ የሚገኝበት ክፍልና የተረኛው ስልክ በስኪል ላቡ (የተግባር መለማመጃ ክፍሉ) በር ላይ ይለጠፍ።