ዲስኩን ያላየው ማን ነው? የቤት ሰርቨር ላይ ሃርድ ዲስክ አልነበብ ሲል

የቤት ሰርቨር ያላቸው ወዳጆቼ አዲስ ዲስክ የገጠሙ ቀን ስልኬ ይጠራል። «ዲስኩ ሞቷል መሰለኝ፣ አይታይም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሁሌ በጥያቄ ነው የምመልሰው፦ ያላየው ማን ነው? ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም)? ሊኑክሱ? ወይስ እናንተ የምትከፍቱት የማከማቻ ሶፍትዌር፣ የትሩናስ ወይም የአንሬይድ ገጽ?

ዲስክ አገልግሎት እስኪሰጥ ድረስ መጀመሪያ ኮረንቲ ማግኘት አለበት። ቀጥሎ ኮንትሮለሩ፣ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ቺፕ ወይም ካርድ፣ ሊያውቀው ይገባል። ከዚያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ መጨረሻ ላይ የማከማቻው ሶፍትዌር። ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ገጹን ሲያድስ፣ ሴቲንግ ሲነካካ፣ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና ሲጭን ይውላል። ታች ደግሞ አንድ ኬብል በደንብ ሳይሰካ ተቀምጧል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ እንሂድ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር። ዲስኩን ከመግጠማችሁ በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንሱት። የመጨረሻዎቹን 4 ፊደላትና ቁጥሮች ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኬዙ ሲከፈት በሚታየው ጎኑ ላይ ለጥፉ። አሁን ትርፍ ስራ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆኑ 6 ዲስኮች ተደርድረው ሶፍትዌሩ «አንዱ ተበላሽቷል» ሲላችሁ የቱን እንደምትነቅሉ የሚያሳየው ይሄ ወረቀት ነው። የታመመውን ትታችሁ ጤነኛውን ብትነቅሉ ጠቅላላ ሬይዱ፣ ማለትም ዲስኮቹን እንደ አንድ የሚያሰራው ስብስብ፣ ሊቆም ይችላል።

እየተሽከረከረ ነው?

ሰርቨሩን አስነሱና ጣታችሁን ዲስኩ ጎን ላይ አሳርፉ። የሚሽከረከር ዲስክ ቀጭን ንዝረት አለው፣ ይታወቃል። ጭጭ ካለ ኮረንቲ አልደረሰውም ማለት ነው። ቀጭ ቀጭ እያለ ደጋግሞ የሚነሳና የሚቆም ከሆነ ወይ ኮረንቲው አንሶታል፣ ወይ እውነትም ታሟል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሰርቨሩን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ ያንኑ ዲስክ የሚሰራ ዲስክ ይጠቀምበት በነበረው ኬብል ሞክሩት።

ኬብል ስትቀይሩ ግን ጥንቃቄ። ኬብላቸው የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮች አሉ። የአንዱ ኬብል ሌላው ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፣ የውስጥ አሰላለፉ ግን ሊለያይ ይችላል። 5 ቮልት መምጣት ባለበት 12 ቮልት ይመጣና ዲስኩ እዚያው ይቃጠላል። አንድ ካምፓኒ ራሱ በተለያዩ ሞዴሎቹ ላይ የተለያየ አሰላለፍ ሊጠቀም ይችላል። ከመሳቢያ የተገኘ ኬብል «ገባ» ተብሎ አይሰካም። ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አብሮ የመጣውን ብቻ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ። ዲስኩ አዲስ ነው፣ ኬብሉ ጤነኛ ነው፣ ያው ኬብል ሌላ ዲስክ ያስነሳል፣ ይሄኛው ግን ወይ ፍንክች። በተለይ ከኤክስተርናል ቀፎ ፈልቅቃችሁ ያወጣችሁት ወይም ለዳታ ሴንተር የተሰራ ዲስክ ከሆነ ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ሳታ የሚባለው የተለመደው የዲስክ መሰኪያ የኮረንቲ ክፍሉ 15 ፒን አለው። የመጀመሪያዎቹ 3ቱ ድሮ 3.3 ቮልት የሚመጣባቸው ነበሩ። በ2016 የወጣው ሳታ 3.3 የሚባለው ስታንዳርድ ሦስተኛዋን ፒን ሌላ ስራ ሰጣት፦ ዲስኩን ከርቀት ማጥፊያ አደረጋት። እዚያች ፒን ላይ 3.3 ቮልት ከመጣ ዲስኩ «ጥፋ ተብያለሁ» ብሎ አይነሳም። ብዙ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ በድሮው ልማድ አሁንም 3.3 ቮልት ይልኩባታል። ስለዚህ ዲስኩም ፓወር ሰፕላዩም ጤነኞች ናቸው፣ አልተግባቡም እንጂ።

መፍትሄው ፒኗን መሸፈን ነው። ካፕቶን የሚባል ሙቀት የሚችል፣ ወርቃማ ቀለም ያለው ስስ ቴፕ አለ። የዲስኩን መሰኪያ ስታዩት አጭሩ የዳታ፣ ረጅሙ የኮረንቲ ነው። የኮረንቲው ቆጠራ የሚጀምረው በዳታው በኩል ካለው ጫፍ ነው። ከዚያ ጫፍ 3ቱን ፒኖች አንድ ላይ ሸፍኗቸው፣ ሦስተኛዋን ብቻ ለመሸፈን ዓይናችሁን አታድክሙ። አራተኛዋን ግን እንዳትነኩ። ቴፑን በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ አጣብቁት፣ ኬብሉንም ቀጥ አድርጋችሁ ስኩ፤ ካጋደላችሁት ቴፑ ይሰበሰባል። ተራ ስኮች ይቅርባችሁ፣ ሲሞቅ ማጣበቂያው ይለቃል።

ሌላው መንገድ ሞሌክስ ከሚባለው ትልቁ ባለ 4 ፒን መሰኪያ ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድ ነው። ሞሌክስ 3.3 ቮልት የሚባል ነገር የለውም፣ ችግሩ ከስሩ ይቀራል። እኔ ግን ቴፑን እመርጣለሁ። ከእነዚህ መቀየሪያዎች መሰኪያቸው አንድ ወጥ ፕላስቲክ ሆኖ ሽቦው ውስጡ የተቀበረባቸው በእሳት የታወቁ ናቸው፤ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተው ይቀልጣሉ። የግድ ካስፈለጋችሁ እያንዳንዱ ሽቦ በየራሱ ተጨምቆ የገባበትንና ከጀርባ የሚከፈተውን ዓይነት ፈልጉ።

አንዳንዴ ደግሞ እያንዳንዱ ዲስክ ለብቻው ይሰራል፣ ሁሉም ሲገጠሙ ግን አንዱ ይጠፋል። እሱን ስትነቅሉ ሌላው ይመለሳል። ይሄ የኮረንቲ እጥረት ነው። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ከቆመበት ሲነሳ 12 ቮልቱ ላይ ወደ 2 አምፔር ይስባል። ከተነሳ በኋላ የሚበላው በጣም ያነሰ ነው። 8 ዲስክ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ግን 16 አምፔር፣ ማለትም 190 ዋት ገደማ በቅጽበት ይጠይቃል። ሁሉንም በአንድ ገመድ ላይ በማካፈያ አትደርድሩ፣ ከፓወር ሰፕላዩ በሚወጡት ገመዶች አከፋፍሏቸው። ዲስኮቹን በየተራ የሚያስነሳ ሴቲንግ ያለው ኮንትሮለር ካላችሁ ደግሞ እሰየው።

ይሽከረከራል፣ ባዮሱ ግን አያውቀውም

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዳታ ኬብሉ ነው። ቀይሩት፣ አትከራከሩት። ካልሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ሌላ ፖርት ሞክሩ። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ኤም ዶት 2 ማስገቢያው ላይ ኤስኤስዲ ስትሰኩ አንድ ወይም ሁለት የሳታ ፖርት ይዘጋል፣ መስመር ስለሚጋሩ። የትኛው እንደሚዘጋ ማኑዋሉ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ማንም አያነበውም፣ እናንተ አንብቡት። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁም ፖርቱ እንዳልተዘጋና የሳታው ሞድ ኤኤችሲአይ መሆኑን እዩ።

የሬይድ ካርድ ከሆነ የምትጠቀሙት ካርዱ ዲስኮቹን ራሱ ይዞ ለሲስተሙ ላያሳይ ይችላል። ትሩናስ ለሚጠቀምበት የፋይል ሲስተም፣ ለዜድኤፍኤስ፣ የሚሆነው ዲስኩን እንዳለ የሚያሳልፍ ካርድ ነው፤ ኤልኤስአይ ካርዶች ላይ አይቲ ሞድ የሚባለው ፈርምዌር ማለት ነው።

ከዳታ ሴንተር የወጡ ያገለገሉ ሳስ ዲስኮች (ሳስ ለትልልቅ ሰርቨሮች የተሰራ የመሰኪያ ዓይነት ነው) የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሳስ ዲስክ የሳታ ፖርት ላይ አይሰራም፣ የሳታ ዲስክ ግን የሳስ ኮንትሮለር ላይ ይሰራል። ሌላው ደግሞ ዲስኩ ይታያል፣ መጠኑ ግን ዜሮ ይላል፣ ፎርማትም እምቢ ይላል። ይሄ ብዙውን ጊዜ ሴክተሩ፣ ዲስኩ ዳታ የሚያስቀምጥበት ትንሹ ክፍል፣ በ512 ባይት ፈንታ በ520 ባይት ስለተዘጋጀ ነው። ሊኑክስ ላይ ኤስጂ ፎርማት (sg_format) በሚባለው ትዕዛዝ ወደ 512 ይመለሳል። ያለው በሙሉ ይጠፋል፣ ሰዓታትም ይወስዳል። ተጀምሮ መሃል ላይ ኮረንቲ እንዳይቋረጥበት ብቻ።

ይታያል፣ መጠኑ ግን አልመጣም

4 ቴራባይት ገዝታችሁ 3.63 ቢል ማንም አልሰረቃችሁም። አምራቹ በ1000 ነው የሚቆጥረው፣ ብዙው ሲስተም ደግሞ በ1024። 8 ቴራባይቱ 7.27፣ 16ቱ 14.55 ይላል።

ባለ 3 ቴራባይት ዲስክ 746 ጊጋባይት ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህችን ቁጥር ያየ ሰው ዲስኩን አይውቀስ። መሃል ላይ ያለው የድሮ ኮንትሮለር ወይም የዩኤስቢ መቀየሪያ ሴክተር የሚቆጥረው በ32 ቢት ነው። እሱ ደግሞ የሚችለው እስከ 2.2 ቴራባይት ድረስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምርና ትርፉን ብቻ ያሳያል። መቀየሪያውን ቀይሩ። እንዲህ ባለ መቀየሪያ ላይ ዳታ እንዳትጽፉ፣ ትርፉን መጀመሪያው ላይ ሊደርበው ይችላል።

ዲስኩ በትክክል ታውቆ ፓርቲሽኑ ብቻ ከ2 ቴራባይት በላይ አልሄድ ካለ የፓርቲሽን ሰንጠረዡ ኤምቢአር የሚባለው የድሮው ዓይነት ነው። ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ ቀይሩት፣ አለቀ።

ሶፍትዌሩ አልቀበልም ሲል

ሌላ ቦታ የሰራ ዲስክ የድሮ ቤቱን ማስታወሻ ይዞ ይመጣል። ሶፍትዌሩ «ይሄ የሌላ ሬይድ አባል ነው» ይልና ይተወዋል። የዲስኩን መጀመሪያ መደምሰስ ሁሌ አይበቃም። ዜድኤፍኤስ ለምሳሌ 4 መለያ ይጽፋል፣ 2 ከፊት 2 ከኋላ። ዋይፕኤፍኤስ (wipefs) የሚባለው ትዕዛዝ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ፈልጎ ያነሳል። ትዕዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ዲስኮችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስቢኤልኬ (lsblk) የሚባል ትዕዛዝ ሲሪያል ቁጥር እንዲያሳይ አዝዛችሁ ከለጠፋችሁት ወረቀት ጋር አመሳክሩ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም።

በተለይ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉትን ስሞች አትመኑ። ሲስተሙ ሲነሳ ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል የሚሰጣቸው ናቸው። ዛሬ ኤስዲቢ የነበረው ነገ ኤስዲሲ ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ «ፎልደሬ ጠፋ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሲስተሙ ሲነሳ የትኛውን ዲስክ የት እንደሚከፍት የሚያነብበት ኤፍኤስታብ (fstab) ፋይል ላይ እነዚህን ስሞች ጽፈው ነው። በምትኩ ዩዩአይዲውን፣ የማይለወጠውን መለያ ቁጥር፣ ጻፉ። ኖፌይል (nofail) የሚለውንም ጨምሩበት፣ አለበለዚያ አንድ የዳታ ዲስክ ሲጠፋ ሰርቨሩ በሙሉ አልነሳም ሊላችሁ ይችላል።

ታየ፣ ተቀበለ፣ ግን ይታመናል?

ዳታ ከመጫናችሁ በፊት የስማርት ረጅም ፍተሻውን አስኬዱ፤ ስማርት ዲስኩ የራሱን ጤና የሚመዘግብበትና የሚፈትሽበት ነው። የዲስኩን ገጽ በሙሉ ስለሚያነብ 16 ቴራባይት ላይ አንድ ቀን ገደማ ይወስዳል። ዲስኩ መሃል ላይ እንዳይተኛ የእንቅልፍ ሴቲንጉን አጥፉ። ያገለገለና ዳታ ያለበት ዲስክ ከሆነ መጀመሪያ ዳታውን ቅዱ።

ውጤቱ ሲወጣ ሰንጠረዡ ረጅም ነው፣ እኔ የማየው 4 መስመር ነው። ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል። 197 መነበብ አቅቷቸው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ 198 ደግሞ ሊነበቡ ያልቻሉትን። አዲስ ዲስክ ላይ እነዚህ 3ቱ ዜሮ መሆን አለባቸው። 199 የተለየ ነው፤ በዲስኩና በኮንትሮለሩ መሃል የተበላሸ ዝውውርን ይቆጥራል፣ ጥፋተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ነው። ይሄ ቁጥር ኬብሉን ብትቀይሩም ወደ ዜሮ አይመለስም። ዛሬ ስንት እንደሆነ ጻፉና በሳምንቱ እዩት፤ ካልጨመረ ተፈቷል። ሲጌት ዲስክ ላይ ቁጥር 1 እና 7 በመቶ ሚሊዮኖች ሲቆጥሩ አይታችሁ እንዳትደነግጡ፣ አጻጻፉ እንጂ ጉዳት አይደለም።

ሁሉም ጤነኛ ሆኖ ሬይዱ ሲሰራ እንደ ኤሊ የሚጎተት ከሆነ ዲስኩ ኤስኤምአር መሆኑን አጣሩ። ትራኮቹ ተደራርበው የሚጻፉበት ዓይነት ነው፣ ያለማቋረጥ ብዙ ዳታ ሲጻፍበት ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። በሚያዝያ 2020 ዌስተርን ዲጂታል ለቤት ሰርቨር ከሚሸጣቸው ቀይ ዲስኮች ውስጥ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉ አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን አምኗል። አሁን አምራቾቹ ዝርዝሩን አውጥተዋል፣ ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን እዚያ ፈልጉት። ለሬይድ የሚሆነው ትራኮቹ የማይደራረቡበት፣ ሲኤምአር የሚባለው ነው።

በሌላ ኬብል፣ በሌላ ፖርት፣ ከተቻለም በሌላ ኮምፒውተር ሞክራችሁ አሁንም ካልሰራ ወይም 197 እያደገ ከሄደ፣ ያኔ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ዋስትናው ሳያልፍ መልሱት። የስማርት ውጤቱን ሲሪያል ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፋይል ላይ አስቀምጡ፣ ሻጩ «እኛ ጋ ይሰራል» ሲላችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።