የወር አበባ ደብተር፦ ከልጅነት እስከ ማረጥ ጤናችንን በቀን ቆጠራ እንዴት እንከታተል

«የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረው መቼ ነበር?»

ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄዱ፣ ካርድ አውጥታችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ ቀድመው ከሚጠየቁት አንዱ ይህ ነው። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ «ከጥምቀት በኋላ ይመስለኛል» ብዬ መለስኩ። አዋላጇ ብዕሯን አቁማ «ከጥምቀት ስንት ቀን በኋላ፣ እህቴ?» አለችኝ። አፈርኩና «በማግስቱ» አልኳት። እሷም ጥር 12 ብላ ጻፈች። ከዚያ ተቆጥሮ የመውለጃ ቀኔ ጥቅምት 17 ተባለ።

ጥቅምት አለቀ፣ ምጥ የለም። ቀኑ አልፎባታል ተባለና ቤቱ ተሸበረ፤ እናቴ ስለት ተሳለች፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ የተወለደችው ህዳር 7 ነው፤ ያዩዋት ሁሉ ቀን ያለፈባት አትመስልም አሉ። ከወራት በኋላ ቁም ሳጥን ሳጸዳ የአጎቴ ልጅ የሰርግ መጥሪያ እጄ ገባ፦ የካቲት 3። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ያ ወር ፔሬዴ የመጣው በሰርጉ ማግስት ነበር። ያን ሁሉ ጭንቀት ያመጣው «በማግስቱ» ያልኩት ነው።

ከዚያ ወዲህ ደብተር እይዛለሁ። አያያዙን እነሆ።

1. ደብተሩ

ማንኛውም ትንሽ ደብተር ይሆናል። በስልክ የሚሠሩት መተግበሪያዎች መጥፎ አይደሉም፤ ግን እኔ የሞከርኳቸው በፈረንጆች ቀን ነው የሚቆጥሩት፣ የእኛ ሐኪም ቤት ካርድ ደግሞ በሐበሻ። በሁለቱ መካከል ስትቀይሩ ነው ስህተት የሚገባው። ደግሞም ስልክ ይጠፋል፣ ይሸጣል፣ ለልጅ ጨዋታ ይሰጣል።

2. ቀን አቆጣጠር (እዚህ ላይ ቀስ በሉ)

አንደኛ ቀን የሚባለው ሞዴስ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ደም የታየበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ቀን ጠብ ያለ ቡናማ ነገር አይቆጠርም፤ በጎን ግን ይጻፍ። ደሙ የቆመበትን ቀንም ጻፉ። ዑደት የሚለካው ከመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ቀን ነው። ብዙ ሴቶች ደሙ ከቆመበት ይቆጥሩና «በየ20 ቀኑ ይመጣብኛል» ብለው ይደነግጣሉ።

የእኛ ካላንደር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ በጣት ይሠራል። ጥቅምት 5 መጥቶ ቀጥሎ ህዳር 3 ከመጣ፣ 30 ሊሞላ 2 ቀን የቀረው ነው፤ 28 ቀን። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ጤናማ ነው። በትክክል 28 መሆን የለበትም። አንድ ወር 26፣ ሌላ ወር 31 ቢሆን ሰላም ነው።

ወጥመዷ ጳጉሜ ናት። አንድ ዓመት ነሐሴ 18 መጥቶልኝ ቀጥሎ መስከረም 11 መጣ። በወር ቆጥሬ 23 ቀን አልኩና በማግስቱ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ለምርመራም ከፈልኩ። ጳጉሜን ረስቼ ነው። ነሐሴ 30 ለመድረስ 12፣ ጳጉሜ 5፣ መስከረም 11፤ ድምሩ 28። ምንም አልነበረብኝም። እዚያ ያየኝ ሰውም አልቆጠረውም።

የመውለጃ ቀንም የሚሰላው በዚሁ ነው። እርግዝና ከመጨረሻው ፔሬድ የመጀመሪያ ቀን ተነስቶ 280 ቀን ስለሚገመት፣ ያ ማለት በእኛ 9 ወር ከ10 ቀን ነው። ፔሬዱ ከመስከረም 1 እስከ ህዳር 20 ከሆነ 9 ወርና 10 ቀን ደምሩ፤ ጥቅምት 5 የነበረው ሐምሌ 15 ይሆናል። ከህዳር 21 እስከ 25 ከሆነ የመውለጃው ቀን ራሱ ጳጉሜ ላይ ይውላል፤ የህዳር 21 ጳጉሜ 1፣ የህዳር 25 ጳጉሜ 5። ከህዳር 26 እስከ ነሐሴ 30 ከሆነ ግን ጳጉሜ መሃል ስለምትገባ 9 ወርና 5 ቀን ብቻ ይደመራል፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ስለምትሆን ከህዳር 27 ጀምሮ 4 ቀን። የእኔን እውነተኛ ቀን፣ የካቲት 4ን፣ ብታሰሉት ህዳር 9 ይመጣል። ልጄ የተወለደችው ህዳር 7 ነው አላልኳችሁም?

ይህ ስሌት ዑደታቸው ወደ 28 ለሚጠጋ ሴቶች ነው የሚቀርበው፤ በዚያችው ቀን የምትወልድም ጥቂት ናት። ቀኑን ጨርሳችሁ ከረሳችሁ እንደ እኔ አትፍጠሩ። «አላስታውስም» በሉና በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ተነሱ። አልትራሳውንድ ዕድሜን በትክክል የሚናገረው ፅንሱ ትንሽ ሳለ ነው፤ ከቆየ በኋላ እሱም ይገምታል።

አንድ ነገር ላክል። በእኛ ሰፈር በቆጠራ የሚበልጡን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሶላት የሚቆምበትንና የሚጀመርበትን ቀን፣ በረመዳን ያመለጠውን ጾም ቀዷ ለማውጣት፣ ሐይድ (የወር አበባ) ስንት ቀን እንደቆየ ከልጅነት ጀምሮ ይይዙታል። ጎረቤታችን ሐጂያ ደብተሬን አይታ «ይሄን ለማወቅ ወረቀት ያስፈልጋል?» ብላ ስቃብኛለች።

3. መጠንና ሕመም

ከቀኑ ጎን ሁለት ምልክት ብቻ አድርጉ፦ በቀን ስንት ሞዴስ እንደተቀየረ፣ እና ሕመሙ ከሥራ ወይም ከትምህርት አስቀርቶ እንደሆነ። በአንድ ፔሬድ በሙሉ የሚፈሰው ደም ብዙውን ጊዜ ከአንዲት ሲኒ ቡና አይበልጥም፤ ሲታይ ግን ብዙ ይመስላል። ለዚህ ነው በዓይን መገመት የማይሠራው። ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ፣ ሌሊት ለመቀየር የሚያስነሳ ከሆነ፣ ከባለ አንድ ብር ሳንቲም የሚበልጥ የረጋ ደም ካለ፣ ወይም ከ8 ቀን ካለፈ ይህ «የእኛ ዘር እንዲህ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ማዮማ (የማህፀን እጢ) ሊሆን ይችላል፣ የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል፣ ሌላም።

ቁርጠት በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ያለ ነው። በማስታገሻ የማይመለስ፣ ከዓመት ዓመት የሚብስ፣ በግንኙነት ጊዜ ወይም ሰገራ ሲወጣ ጭምር የሚያም ከሆነ ግን ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል፣ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ነገር ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ አለ። «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለውን ምክር እኔ አልወደውም።

4. የደም ማነስ፣ እና የእኛ ቡና

ደብተሬ ላይ ለስድስት ወር በቀን ሰባት ስምንት ሞዴስ ተጽፎ ሳየው ነው የተመረመርኩት። ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) 9 ነበር። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች፣ ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች የደም ማነስ ይባላል። ዳገት ስወጣ የሚደክመኝ፣ ልቤ የሚመታው፣ ፀጉሬ የሚረግፈው ለካ ከዚህ ነው።

የብረት እንክብል ታዘዘልኝ። በትጋት ዋጥኩ፣ ሦስት ወር ሙሉ። ስመለስ 9.4። ሐኪሙ መጠን ሊጨምር ሲል መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ «በምንድን ነው የምትውጪው?» አለችኝ። «ከቁርስ በኋላ፣ በቡና።» ልጅቷ ሳቀች። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ነገር ብረቱን አንጀት ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ጅማ ተቀምጦ፣ ጠዋት ከአቦል እስከ በረካ እየጠጡ ብረት መዋጥ ገንዘብን አዌቱ ወንዝ ላይ መበተን ነው።

ስለዚህ፦ እንክብሉን ከቡና ቢያንስ ሁለት ሰዓት አርቁት። እኔ ማታ ልተኛ ስል በብርቱካን ጭማቂ እውጣለሁ፤ ብርቱካንና ሎሚ ብረቱ እንዲገባ ያግዛሉ። ሰገራ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ። ሆድ ካስጨነቀ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ አታቋርጡ። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም የሰውነት ክምችት እንዲሞላ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ሦስት ወር ገደማ ይወሰዳል። ምግብም ላይ ያው ነው፤ ምስርና ጎመን በልታችሁ ወዲያው ቡና አታስከትሉ። የደሙ መፍሰስ ራሱ ካልታከመ ደግሞ እንክብሉ ብቻውን በቀዳዳ እንስራ ውሃ መሙላት ነው። ወባና የአንጀት ትልም ደም እንደሚያሳንሱም አትርሱ፤ እነሱንም አስመርምሩ።

5. ዕድሜ ሲቀየር የሚጻፈውም ይቀየራል

ለልጃገረድ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት መዘበራረቅ የተለመደ ነው፤ እስከ 45 ቀን መራቁ አያስደነግጥም። ሦስት ወር ከጠፋ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ጨርሶ ካልመጣ ትታይ። ደብተሩን የራሷ አድርጉላት፤ እናት በየሳምንቱ የምትመረምረው ደብተር ውሸት ይጻፍበታል። የማህፀን በር ካንሰር ክትባትም እዚሁ ይመዝገብ። አገራችን ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው ነው፤ ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

ወሊድ መቆጣጠሪያ ስትጀምሩ፦ ስሙንና የገባበትን ቀን። መርፌው በየሦስት ወሩ ነው፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ ሦስት ወይም አምስት ዓመት። ሁለቱም ደሙን ሊያዘበራርቁት ወይም ሊያቆሙት ይችላሉ፤ የቆመው ደም የትም አልተጠራቀመም።

በእርግዝና ጊዜ ደብተሩ ያርፋል፤ ካርዱ ይተካዋል። በመጨረሻው ገጽ ግን በትልቁ ይጻፍ፣ ባልም አማትም እንዲያዩት፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት፣ ማንኛውም ደም፣ ያለ ምጥ የፈሰሰ እንሽርት ውሃ፣ የልጅ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ያኔውኑ ባጃጅ ይጠራ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ከ30 እስከ 49፦ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ። ብዙዎች የሚፈሩት ይቆርጡኛል ብለው ነው። የሚደረገው የማህፀን በርን ኮምጣጤ በሚመስል ፈሳሽ ቀብቶ አንድ ደቂቃ ጠብቆ ማየት ነው። ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቦታ ካለ ብዙ ጊዜ ያኔውኑ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። ደም ላይ ባልሆናችሁበት ቀን ሂዱ፤ ደብተሩ እዚህ ይጠቅማል። ጡትንም ፔሬድ ካለቀ ከጥቂት ቀን በኋላ ዳብሱ፤ ከዚያ በፊት ጡት ስለሚያብጥ ሁሉም ነገር እጢ ይመስላል።

ከ45 በኋላ፦ ዑደቱ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይዘላል። ድንገት ፊት የሚያቃጥል ሙቀት፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ ይመጣል። እኛ ጋ ማታ ያላበው ሁሉ ወባ ነው የሚባለው፤ እናቴ በአንድ ዓመት አራት ጊዜ የወባ ምርመራ አድርጋ አራቱም ነፃ ነበር። ትኩሳት ካለ በእርግጥ ይመርመር። ከሌለና ፔሬዱም እየዘለለ ከሆነ ግን ማረጥ ሊሆን ይችላል። አርጣለች የሚባለው 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ እስከዚያ ማርገዝ ይቻላል።

እና አሁን እስካሁን የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። እናቴ ካረጠች ከሁለት ዓመት በኋላ ትንሽ ደም አየች። «ልጅነቴ ተመለሰ» ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። የራሴን ቀን እስከ ጳጉሜ የምቆጥር ሴት፣ ለእሷ አንዲት መስመር አልጻፍኩላትም። ከአራት ወር በኋላ ደሙ ሲደጋገም ነው የወሰድኳት። ከማህፀን ናሙና ተወስዶ ካንሰር ተገኘ፤ ገና ስላልተሰራጨ ቀዶ ሕክምናው ብቻ በቃት። ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም አንዲት ጠብታም ብትሆን ለምርመራ ትበቃለች። አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ምክንያት ይገኝለታል፤ ግን ያን የሚያውቀው ሐኪም ነው። ስለዚህ ያረጠች ሴት ደብተር አይዘጋም። «ምንም የለም» እያለች በየወሩ አንድ መስመር ትጻፍ፣ ካልጻፈች ልጇ ትጻፍላት።

6. ሐኪም ጋ ስትሄዱ

የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ቀኖች፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ እና የመጣችሁበትን አንድ ጉዳይ በብጣሽ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ያለው ጊዜ አጭር። እናታችሁ ኦሮምኛ ብቻ የምትናገር ከሆነች አስተርጓሚ እናንተ ሁኑ እንጂ ወንድ ልጇን አትላኩ፤ ለወንድ ልጇ ስለ ደም የምትናገር እናት እስካሁን አላየሁም።

ዋናውን ደብተር ቤት ተዉት። እኔ አንድ ጊዜ ከጅማ መርካቶ ወደ ቆጪ ሰፈር ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ረሳሁት። ሹፌሩ በማግስቱ ደውሎ መለሰልኝ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ። አሁን ሽፋኑ ላይ «የወጪ ሒሳብ» ብዬ ጽፌበታለሁ።