ስፓኒሽ በአኩኩሉ

አሜሪካ ያላችሁና ልጆቻችሁ ከጎረቤት ልጆች ስፓኒሽ እየቃረሙ የሚመጡባችሁ ወላጆች፣ ይቺን ሞክሯት። የቃላት ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት አኩኩሉ ተጫወቱ። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ በ«ኩኩሉ» ፈንታ «ያ?» ይላል፤ ደረሰ ወይ እንደማለት ነው። ተደባቂዎቹ «አልነጋም» በማለት ፈንታ «ቶዳቢያ ኖ!» ብለው ይጮኻሉ፣ ገና ነው ለማለት። ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ «ያ!» የኔዋ የአራት ዓመት ልጅ ሁለት ቀን አልፈጀባትም። አሁን ጫማሽን አድርጊ ስላት «ቶዳቢያ ኖ» ትለኛለች፤ እሷን እንኳ ባልለመደቻት።

አነጋገሩ አያስፈራችሁ፤ የኛ ፊደል እዚህ ላይ ያግዛል። ወንድ ልጅ «ኒኞ» ነው፣ በራሳችን «ኞ»። ቀይ «ሮኾ» ነው። ውሻ «ፔሮ» ሲባል «ሮ» ይጠብቃል፣ «በረረ» ስንል የመጀመሪያዋ «ረ» እንደምትጠብቀው። «ሮ»ን ሳታጠብቁ ካላችሁት «ግን» ማለት ይሆናል። ልጆቹ በዚህ ሲስቁ ያመሻሉ፣ «ውሻ ግን፣ ግን ውሻ» እያሉ።

ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ደግሞ ከኩሽና እውነተኛውን ድንችና ቲማቲም ስጧቸው። ስሙን ብቻውን አትንገሯቸው፤ «ኡና ፓፓ»፣ «ኡን ቶማቴ» በሉ። «ኡና» በሴት፣ «ኡን» በወንድ ለሚጠራ ዕቃ ነው፤ ልዩነቱን በጆሮ ይለምዱታል። ሲሳሳቱም አታቋርጧቸው፣ ትክክለኛውን እናንተ ደግማችሁ «ገበያችሁን» ቀጥሉ።